ስሟ ሳይጻፍ 41 ዓመት፦ የሆሊውድ አድማቂዎች «ንግሥት» ምን ሸጠች? ምን ቀራት?

በፊልምና በቴሌቪዥን ገበያ ውስጥ ዋጋው በቀን የሚቆረጥ፣ ያለ እርሱ ሥራው የማይሟላ፣ ስሙን ግን ማንም የማይጠይቀው ሠራተኛ አለ። ዋናው ተዋናይ ምግብ ቤት ሲገባ ከኋላ ተቀምጦ የሚበላው፣ የፍርድ ቤቱን ወንበር የሚሞላው፣ በዳንስ አዳራሹ የሚሽከረከረው፣ በመንገዱ የሚያልፈው ሰው ነው። ፈረንጆቹ «ኤክስትራ» ይሉታል። በአማርኛ «አድማቂ» ቢባል ሥራውን በሚገባ ይገልጸዋል።

ከአድማቂዎች ሁሉ በብዛት በመታየት ስሟ የሚነሳው አሜሪካዊቷ ቤስ ፍላወርስ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1923 እስከ 1964 በዘለቀው የ41 ዓመት የሥራ ዘመኗ ከ350 በሚበልጡ ባለ ሙሉ ርዝመት ፊልሞች፣ በበርካታ አጫጭር አስቂኝ ፊልሞችና በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማዎች ታይታለች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከእነዚህ ፊልሞች አምስቱ የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብለው ኦስካር ተሸልመዋል፤ በአምስቱም ላይ ግን ስሟ በተዋንያን ዝርዝር አልሰፈረም።

ነገሩ ለኪነ ጥበብ አፍቃሪ አስገራሚ ወሬ ነው። ለነጋዴና ለባለ ገንዘብ ግን ሌላ ጥያቄ ያስነሳል። ይህች ሴት ለአርባ አንድ ዓመት ያህል በገበያ ላይ ቆይታ የሸጠችው ምንድን ነው? ትርፉስ የት ገባ?

ከመሪ ተዋናይነት ወደ አዳራሹ

ቤስ ፍላወርስ የተወለደችው ኖቬምበር 23 ቀን 1898 በቴክሳስ ግዛት ሸርማን በምትባል ከተማ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በፊልም የታየችው በ1923 ሲሆን የፊልሙም ስም «ሆሊውድ» ነበር። በዚያው ዓመት የታዋቂው ዳይሬክተር የሲሲል ቢ. ደሚል ረዳት ከነበረው ከከለን ቴት ጋር ተጋባች። ከዚያ በኋላ ያገባችው ዊልያም ሆልማንም በኮሎምቢያ ስቱዲዮ በሥራ አስኪያጅነት የሠራ ሰው ነበር። ስለዚህ የፊልሙን ሥራ ከካሜራው ፊት ብቻ ሳይሆን ሒሳቡ ከሚሠራበት ከኋላውም በኩል የማየት ዕድል ነበራት።

ብዙዎች እንደሚገምቱት መላ ሕይወቷን ከኋላ ቆማ አላሳለፈችም። በ1926 «ግሌኒስተር ኦቭ ዘ ማውንትድ» እና «ሃንድስ አክሮስ ዘ ቦርደር» በተባሉ ድምፅ አልባ ፊልሞች ከመሪ ተዋናዩ ጎን የቆመችው ሴት እርሷ ነበረች። ይሁንና የመሪነት ቦታው አልዘለቀም። ፊልም ድምፅ ማውጣት ከጀመረና 1930ዎቹ ከገቡ በኋላ የቤስ ስፍራ በእራት ግብዣው፣ በቴአትር ቤቱ መቀመጫ፣ በሆቴሉ መግቢያና በውድ ልብስ መሸጫው ውስጥ ሆነ።

ይህ ለተመልካች ውርደት ሊመስል ይችላል። በገበያ ዓይን ሲታይ ግን ሁለት የተለያዩ ንግዶች ናቸው። መሪ ተዋናይ በአንድ ሥራ ብዙ ገንዘብ ያገኛል፤ ቀጣዩ ሥራ መቼ እንደሚመጣ ግን አያውቅም። አንድ ፊልም ከከሰረ ስሙም አብሮ ይከስራል። አድማቂ በቀን ጥቂት ያገኛል፤ ፊልሙ ከሰረ አልከሰረ ግን እርሱን የሚወቅሰው የለም። ፊቱ አይሰለችም፣ ዕድሜው ሲገፋም የሚቀመጥበት ወንበር አያጣም። በ1923 የሃያ አራት ዓመት ወጣት ሆና የገባችው ቤስ በ1964 የስድሳ አምስት ዓመት አዛውንት ሆና ስትወጣ ብዙ ከዋክብት በመካከሉ ወጥተው ወርደዋል።

ደላላው ሲወጣ

ቤስ ሆሊውድ በገባችበት ጊዜ የአድማቂ ሥራ የሚገኘው በሁለት መንገድ ነበር። አንደኛው በየስቱዲዮው በር ላይ ማልዶ ቆሞ መጠበቅ ነው። ሁለተኛው በግል የሥራ አገናኝ ቢሮዎች፣ ማለትም በደላላ በኩል መግባት ነው። ደላላው ከቀን ሠራተኛው አነስተኛ ክፍያ ላይ ኮሚሽኑን ይቆርጣል። በተጨማሪም ዝና ፍለጋ ከየገጠሩ የሚጎርፉት ወጣቶች፣ በተለይም ልጃገረዶች፣ የአጭበርባሪና የባለጌ ሲሳይ መሆናቸው በየጋዜጣው ይወጣ ጀመር።

ነገሩ የስቱዲዮዎቹን ስም ማጉደፉን ያዩት የአምራቾቹ ማኅበር ፕሬዚዳንት ዊል ሄይስ ጉዳዩ እንዲጠና አደረጉ። ጥናቱን የሠራችው ራስል ሴጅ ፋውንዴሽን በተባለው ድርጅት የሠራተኛ ጉዳይ ተመራማሪ የነበረችው ሜሪ ቫን ክሊክ ናት። በውጤቱም በ1925 «ሴንትራል ካስቲንግ» የተባለው የጋራ መቅጠሪያ ተቋቋመ። የአሠራሩ ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ወጪውን የሚሸፍኑት ስቱዲዮዎቹ ናቸው፣ ከሠራተኛው ላይ ኮሚሽን አይቆረጥም፣ ሁሉም አድማቂ በአንድ መዝገብ ይመዘገባል፣ ስቱዲዮውም «ነገ ይህን ያህል ሽማግሌ፣ ይህን ያህል ባለ ሙሉ ልብስ ጨዋ ሴት፣ ይህን ያህል ወታደር» ብሎ በስልክ ያዝዛል።

ደላላው ወጣ ማለት ግን ገበያው ጠበበለት እንጂ ሰፋለት ማለት አልነበረም። በ1920ዎቹ መጨረሻ በመዝገቡ ላይ የነበረው ሰው ከ10,000 በላይ ሲሆን፣ በአንድ ቀን ሥራ የሚደርሰው በአማካይ ከ1,000 ያነሰ ነበር። በየምሽቱ አድማቂው ስልክ ይደውላል፤ ስሙን ይናገራል፤ ከወዲያ በኩል የሚሰማው መልስ አብዛኛውን ጊዜ «ሥራ የለም» የሚል ነው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደገና ይደውላል። ሴንትራል ካስቲንግ ራሱ ሰው ወደ ሆሊውድ እንዳይመጣ ይመክር ነበር። አቅርቦት ከፍላጎት አሥር እጥፍ በላይ በሆነበት ገበያ ዋጋ የሚያስከብረው የተለየ ነገር ይዞ መቅረብ ብቻ ነው። ቤስ ፍላወርስ ያደረገችው ይህንኑ ነው።

ካፒታሏ በቁም ሣጥን ውስጥ

በዚያን ጊዜ የአድማቂ ዋጋ አንድ ወጥ አልነበረም። ሕዝብ ለመሙላት ብቻ የሚቆም ሰው በቀን ከ3 እስከ 5 ዶላር ሲከፈለው፣ የራሱን የምሽት ልብስ ለብሶ የሚመጣ ሰው 10 ዶላርና ከዚያም በላይ ያገኝ ነበር። ይህ ሁለተኛው ወገን «ድረስ ኤክስትራ» ይባላል፤ ባለ ሙሉ ልብስ አድማቂ እንደ ማለት ነው።

ልዩነቱ የመጣው ከስቱዲዮው የወጪ ሒሳብ ነው። ለሁለት መቶ ሰው የግብዣ ቀሚስና ጥቁር ሙሉ ልብስ መስፋት፣ ማስተካከል፣ ማጠብ፣ መተኮስና ማስቀመጥ ብዙ ገንዘብና ብዙ እጅ ይጠይቃል። አድማቂው ራሱ ለብሶ፣ ፀጉሩን ተሠርቶ፣ በልኩ የተሰፋ ነገር ይዞ ከመጣ ግን ያ ወጪ ሁሉ ከስቱዲዮው ትከሻ ይወርዳል። ስለዚህ ለባለ ልብሱ የሚጨመረው ገንዘብ የውበት ሽልማት ሳይሆን የዕቃ ኪራይ ነው ማለት ይቻላል። ሠራተኛው ጉልበቱን ብቻ ሳይሆን ንብረቱንም አብሮ ያከራያል።

ቤስ ፍላወርስ ቁመቷ ዘለግ ያለ፣ አቋቋሟ የተስተካከለ፣ አለባበሷም የተመሰከረለት ሴት ነበረች። የምሽት ቀሚስ፣ የከሰዓት በኋላ ልብስ፣ ባርኔጣ፣ ጓንት፣ ካፖርትና ጌጣ ጌጥ በየወቅቱ ፋሽን መያዝ ለእርሷ የመሣሪያ ግዢ ነበር። ባለ ታክሲ መኪናውን፣ ልብስ ሰፊ መኪናውን እንደሚያድስ ሁሉ እርሷም ቁም ሣጥኗን ማደስ ነበረባት። ያለፈው ዓመት ፋሽን ለዘንድሮ ግብዣ አያገለግልም፤ የቀሚሱ ርዝመት በተለወጠ ቁጥር ወጪ አለ።

የዚህ ንግድ ብልሃት ደግሞ ከሌላው ልብስ ግዢ የተለየ ነው። ቀሚሱ ውድ መምሰል አለበት፤ ዓይን መጥለፍ ግን የለበትም። ኮከቧን ተዋናይ የሚያስንቅ ልብስ የለበሰች አድማቂ ከካሜራው ፊት ትነሳለች። በጣም የሚታወስ ቀሚስም በሚቀጥለው ወር ለሌላ ፊልም መልበስ ያስቸግራል። የሚያዋጣው ጥራቱ የሚታይ፣ መልኩ ግን የማይታወስ ልብስ ነው። የቤስም ዋጋ እዚህ ላይ ነበር። ተመልካቹ «ይህ የሀብታሞች ግብዣ ነው» ብሎ እንዲያምን ታደርጋለች፤ ከዚያ በኋላ ማን እንደነበረች አያስታውስም።

ለምን እርሷን?

ልብስ ያለው ሰው በሎስ አንጀለስ ብዙ ነበር። እርሷን ደግመው ደጋግመው የሚጠሯት ለምን ነበር የሚለው ጥያቄ የሙያውን ውስጥ እንድናይ ያደርገናል።

አድማቂ ሥራ ከውጭ ሲታይ መቀመጥና መቆም ይመስላል። በተግባር ግን በካሜራው ፊት ያለው እያንዳንዱ እንቅስቃሴ የተለካ ነው። ረዳት ዳይሬክተሩ «አንቺ ዋናዋ ተዋናይ ብርጭቆዋን ስታነሳ ከግራ ወደ ቀኝ ታልፊያለሽ» ይላል። ያ እንቅስቃሴ በአሥረኛው ቀረጻም በዚያው ቅጽበት፣ በዚያው ፍጥነት መደገም አለበት። አንዲት አድማቂ አንድ እርምጃ ብትቀድም ትዕይንቱ ሲቆራረጥና ሲገጣጠም አይገጥምም፤ በዚያ ቀን በስፍራው ያለው የሠራተኛ፣ የመብራትና የፊልም ወጪ ሁሉ ይደገማል። በግብዣው ላይ የሚያወሩ የሚመስሉት ሰዎችም በእርግጥ አያወሩም። ማይክሮፎኑ የሚፈልገው የዋናዎቹን ድምፅ ብቻ ስለሆነ አድማቂው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ እየሳቀና እየተገረመ ድምፅ ሳያወጣ መቀመጥን መልመድ ይኖርበታል።

አንድ ሌላ የሚያዋጣ ነገርም አለ። ከዋናው ተዋናይ አጠገብ ተቀምጦ አንድ ጊዜ በካሜራ የተያዘ አድማቂ፣ ያው ትዕይንት በማግሥቱ ከቀጠለ በዚያው ልብስ መመለስ ግድ ይሆንበታል። በሩቅ የቆመው ሊቀየር ይችላል፤ በቅርብ የታየው ግን አይቀየርም። ስለዚህ ጥሩ ወንበር ማግኘት ማለት የሁለትና የሦስት ቀን ደመወዝ ማግኘት ማለት ነው። ዳይሬክተሩ ጥሩውን ወንበር የሚሰጠው ደግሞ እንደማታበላሽበት ለሚያምናት ሰው ነው።

ቤስ ይህን እምነት ከብዙ ሰዎች አግኝታለች። በአልፍሬድ ሂችኮክ «ሪር ዊንዶው» (1954)፣ «ቨርቲጎ» (1958) እና «ኖርዝ ባይ ኖርዝዌስት» (1959) ውስጥ አለች። ከሎሬልና ሃርዲ እንዲሁም ከስሪ ስቱጅስ ጋር በአጫጭር አስቂኝ ፊልሞች ስትሠራ የምትናገረው ቃልና ስም ያለው ሚና አግኝታለች። የዓመቱ ምርጥ ተብለው የተሸለሙትና እርሷ ያለችባቸው አምስቱ ፊልሞች «ኢት ሃፕንድ ዋን ናይት» (1934)፣ «ዩ ካንት ቴክ ኢት ዊዝ ዩ» (1938)፣ «ኦል አባውት ኢቭ» (1950)፣ «ዘ ግሬተስት ሾው ኦን ኧርዝ» (1952) እና «አራውንድ ዘ ወርልድ ኢን ኤይቲ ደይስ» (1956) ናቸው። ለዚሁ ሽልማት ከታጩት ጋር ሲደመር ቁጥሩ 23 ይደርሳል። በዚህ ረገድ የሚስተካከላት የለም። ከዚህ የተነሳ በሙያው ሰዎች ዘንድ የሆሊውድ ኤክስትራዎች «ንግሥት» የሚል ስም ወጣላት።

ከወንበሩ ወደ ማኅበሩ

ንግሥት የሚለው ስም ግን ደመወዝ አይጨምርም። በ1933 የተመሠረተው የፊልም ተዋንያን ማኅበር አድማቂዎችንም ይቀበል ነበር፤ እኩል ድምፅ ግን አልነበራቸውም። ማኅበሩ በዋነኝነት የሚከራከረው ለሚናገሩት ተዋንያን ነበር። ጥቅማቸውም አንድ አይደለም። ስቱዲዮው ለአድማቂ የሚያወጣው ገንዘብ ሲቀንስ የሚጎዳው ባለ ትልቁ ስም አይደለም።

በ1940ዎቹ አጋማሽ አድማቂዎቹ የራሳቸውን ጎጆ ቀለሱ። በ1945 «ስክሪን ኤክስትራስ ጊልድ» የተባለው ማኅበር ሲቋቋም ቤስ ፍላወርስ ከመሥራቾቹ አንዷ ነበረች። ከማኅበሩ የመጀመሪያ ምክትል ፕሬዚዳንቶች አንዷ ሆና፣ በጸሐፊነትም አገልግላለች። በፊልም ላይ ቃል የማትተነፍሰው ሴት በድርድር ጠረጴዛ በኩል ድምፅ አገኘች ማለት ነው።

ማኅበሩ የሚከራከርባቸው ነጥቦች ከሙያው ውጭ ላለ ሰው ጥቃቅን ይመስላሉ። ሁለተኛ ልብስ ይዞ ለመጣ ስንት ይጨመር? በዝናብ መርጫ ሥር ለቆመ፣ ጭስ ውስጥ ለዋለ፣ የራሱን መኪና ነድቶ በትዕይንቱ ውስጥ ላሳለፈስ? ከስምንት ሰዓት በላይ ለቆየ? ዳይሬክተሩ በድንገት «አንድ ቃል ተናገር» ያለው ሰው በየትኛው ተመን ይከፈለው? የቀን ሠራተኛ ኑሮ ግን የሚቆመው በእነዚህ ትናንሽ ጭማሪዎች ላይ ነው። በዛሬው የአሜሪካ ተዋንያን ውል ውስጥም ለልብስ፣ ለመኪና፣ ለውኃና ለጭስ የሚከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ በየመስመሩ ተዘርዝሮ ይገኛል።

አንድ ትልቅ ነጥብ ግን በእነዚህ ድርድሮች አልተገኘም። ይህም የዳግም ሽያጭ ድርሻ ነው። ጉዳዩ ጎልቶ የወጣው ቴሌቪዥን ሲመጣ ነው።

አንድ አዳራሽ፣ ሁለት ዓይነት ውል

በ1950ዎቹ መጀመሪያ ቴሌቪዥን በአሜሪካ ቤቶች ሲገባ የሲኒማ ቤት ገበያ ቀዘቀዘ። ስቱዲዮዎች የሚሠሩት ፊልም ቁጥር ቀነሰ። አድማቂዎቹም እንደ ሌላው ሠራተኛ ወደ አዲሱ ገበያ ተሻገሩ። የቴሌቪዥን ሥራ ፈጣን ነው፤ አንድ ክፍል በጥቂት ቀናት ውስጥ ያልቃል፤ የሚፈለገው የሕዝብ ብዛትም ያነሰ ነው። በሌላ በኩል ሥራው በየሳምንቱ አለ።

ቤስ ፍላወርስ ከታየችባቸው የቴሌቪዥን ሥራዎች የታወቀው «አይ ላቭ ሉሲ» የተባለው አስቂኝ ተከታታይ ድራማ ነው። በ1952 ሉሲ ማርገዟን ለባሏ በምትነግርበት ክፍልና በ1957 ሉሲና ጓደኞቿ ቴአትር ቤት በሚሄዱበት ክፍል ከታዳሚው መካከል ተቀምጣለች።

የዚህ ድራማ የንግድ ታሪክ ለገበያ ሰው ትልቅ ትምህርት ነው። በ1951 ሥራው ሲጀመር ባልና ሚስቱ ዴዚ አርናዝና ሉሲል ቦል ድራማው በፊልም እንዲቀረጽ ይፈልጉ ነበር። የቴሌቪዥን ጣቢያው ሲ.ቢ.ኤስ. ደግሞ ወጪው በዛ አለ። ባልና ሚስቱ ከሳምንታዊ ክፍያቸው ላይ 1,000 ዶላር እንዲቀነስ ተስማሙ፤ በምትኩ የፊልሙ ባለቤትነት ለድርጅታቸው ለዴዚሉ እንዲሆን ጠየቁ። በዚያን ጊዜ አንድ ጊዜ የታየ ፕሮግራም ሁለተኛ ገበያ ይኖረዋል ብሎ የሚያስብ ጥቂት ስለነበር ጣቢያው ጥያቄውን እንደ ቀላል ነገር ተቀበለ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ሲ.ቢ.ኤስ. ያንኑ መብት በሚሊዮኖች በሚቆጠር ዶላር መልሶ ገዛው። ዴዚሉም በ1957 የድሮውን የአር.ኬ.ኦ. ስቱዲዮ ሕንፃዎች የሚገዛ ድርጅት ሆነ።

እንግዲህ በአንድ አዳራሽ ውስጥ፣ በአንድ መብራት ሥር፣ በአንድ ቀን ሁለት ዓይነት ውል ነበረ። አንደኛው ወገን የዛሬን ገንዘብ ቀንሶ የነገን ባለቤትነት ገዛ። ሌላው ወገን የቀኑን ደመወዝ ተቀብሎ ሄደ፤ ምርጫም አልቀረበለትም። በ1950ዎቹ በተደረጉት ውሎች የሚናገሩት የቴሌቪዥን ተዋንያን ሥራው ሲደገም የሚከፈላቸው ድርሻ መጣላቸው። በ1960 ደግሞ ተዋንያኑ ሥራ አቁመው ለሲኒማ ቤት የተሠሩ አዳዲስ ፊልሞች በቴሌቪዥን ሲሸጡ ድርሻ እንዲኖራቸው አደረጉ፤ ከዚያ በፊት ለተሠሩት ግን ትልልቆቹ ከዋክብት እንኳ ድርሻ አላገኙም። አድማቂው በሁለቱም ውስጥ አልተካተተም። ዛሬም ቢሆን አሜሪካዊ አድማቂ የዳግም ማሳያ ድርሻ የለውም።

«አይ ላቭ ሉሲ» ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ ስንትና ስንት ጊዜ ታይቷል። በእያንዳንዱ ጊዜ ቤስ ፍላወርስ በወንበሯ ተቀምጣለች፤ የተከፈላት ግን ለመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው።

በአምራቾቹ በኩል ያለው መከራከሪያም መነገር አለበት። አድማቂ ሊተካ የሚችል ሠራተኛ ነው፤ ተመልካች እርሱን ለማየት አይመጣም፤ ለሁለት መቶ ሰው ድርሻ እያሰሉ በየዓመቱ ቼክ መላክ ከገንዘቡ ይልቅ ወረቀቱ ይበልጣል ይላሉ። በገበያ ሕግ ይህ ከንቱ ቃል አይደለም። ነገር ግን አዳራሹ ባዶ ቢሆን ትዕይንቱ ይሸጥ ነበር ወይ ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሆንም።

የመቶ ዓመት ዋጋ

የቤስ የመጨረሻ ፊልም በ1964 የወጣው «ጉድ ኔይበር ሳም» ነው። ከዚያ በኋላ ጡረታ ወጣች። ያረፈችው ጁላይ 28 ቀን 1984 በካሊፎርኒያ፣ ውድላንድ ሂልስ ሲሆን ዕድሜዋ 85 ዓመት ነበር። የመሠረተችው ማኅበርም ከእርሷ በኋላ ብዙ አልቆየም። ማኅበሩ የማያውቃቸውን በርካሽ የሚቀጥሩ አምራቾች እየበዙ ሲሄዱ አቅሙ ተዳከመና በ1992 የአድማቂዎቹ ጉዳይ ወደ ዋናው የተዋንያን ማኅበር ተመለሰ። ሴንትራል ካስቲንግ ግን አሁንም አለ፤ ዛሬ የአንድ የደመወዝ አገልግሎት ኩባንያ ንብረት ነው።

ዋጋውስ የት ደረሰ? በአሜሪካ ተዋንያን ማኅበር ውል መሠረት የአንድ ተራ አድማቂ የስምንት ሰዓት የቀን ዋጋ በ2023 መጀመሪያ 187 ዶላር ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 208፣ በ2024 አጋማሽ 216፣ በ2025 አጋማሽ ደግሞ 224 ዶላር ገባ።

ቁጥሩ ብቻውን ሲታይ ከ10 ዶላር ወደ 224 ዶላር ትልቅ ዕድገት ይመስላል። ሆኖም በአሜሪካ የሸማቾች ዋጋ መለኪያ ሲሰላ በ1928 የነበረው 10 ዶላር በ2023 ወደ 180 ዶላር ገደማ የመግዛት አቅም ነበረው። ባለ ሙሉ ልብሱ አድማቂ ከመቶ ዓመት በፊት ያገኝ የነበረውና የዛሬው ተራ አድማቂ የሚያገኘው እምብዛም አይራራቁም ማለት ነው። በመካከሉ ድምፅ መጣ፣ ቀለም መጣ፣ ቴሌቪዥን መጣ፣ ቪዲዮ መጣ፣ ፊልም በኢንተርኔት መሸጥ መጣ። አንድ ትዕይንት የሚሸጥባቸው መስኮቶች በዙ። ከኋላ የሚቀመጠው ሰው የአንድ ቀን ዋጋ ግን በመጠኑ ብቻ ፈቀቅ አለ።

ፊቱ የማን ነው?

በ2023 ጉዳዩ በአዲስ መልክ ተነሳ። የአሜሪካ ተዋንያን ማኅበር ከጁላይ 14 እስከ ኖቬምበር 9 ለ118 ቀናት ሥራ ባቆመ ጊዜ ካነሳቸው ነጥቦች አንዱ የአድማቂዎች ምስል ነበር። ዘመናዊ መሣሪያ የአንድን ሰው ፊትና አካል ዙሪያውን ቀርጾ በኮምፒውተር ውስጥ ያስቀምጣል። ከዚያ በኋላ ሰውየው በሌለበት በአዳራሹ ሊቀመጥ፣ በመንገዱ ሊያልፍ ይችላል። ማኅበሩ አምራቾቹ የአንድ ቀን ደመወዝ ብቻ ከፍለው የአድማቂውን ምስል ለዘለዓለም ሊጠቀሙበት ጠይቀዋል ሲል ከሰሰ። የአምራቾቹ ኅብረት ይህ ሐሳባቸውን እንደማይገልጽ ተናግሮ ክሱን አስተባበለ።

ሥራ ማቆሙ ያበቃበት ስምምነት ለአድማቂዎች ሦስት ነገር አስገኘ። የመጀመሪያው ደመወዝ ነው፤ ለሌሎቹ ተዋንያን የመጀመሪያው ጭማሪ 7 በመቶ ሲሆን ለአድማቂዎች 11 በመቶ ሆነ። ሁለተኛው በምዕራቡ ጠረፍ በማኅበሩ ውል መሠረት መቀጠር ያለባቸው አድማቂዎች ቁጥር ከኒው ዮርክ ጋር እኩል እንዲሆን፣ በቴሌቪዥን 25፣ በፊልም 85 እንዲደርስ ተደረገ። ሦስተኛው የምስል ጉዳይ ነው። የአድማቂውን አካል በኮምፒውተር ለመቅረጽም ሆነ ለመጠቀም ፈቃዱን መጠየቅና መክፈል ግድ ሆነ። በኮምፒውተር የተሠራ ምስልም ከላይ በተጠቀሰው ቁጥር ውስጥ ሊቆጠር አይችልም።

ሦስተኛው ነጥብ ከሁሉም የሚከብድ ነው። ለመቶ ዓመት ያህል አድማቂው የሚሸጠው ቀኑን እንደሆነ ይታሰብ ነበር። ጠዋት ገብቶ ማታ ይወጣል፤ ነገ ደግሞ እንደገና ይፈለጋል። የቤስ ፍላወርስ ንግድ የቆመው ነገም ልትፈለግ በመቻሏ ላይ ነበር። ልብስ የገዛችው፣ ስልክ የደወለችው፣ ወንበሯን የጠበቀችው ለዚያ ነው። ምስሉ አንዴ ተቀርጾ የሚቀር ከሆነ ግን ሁለተኛ ቀን የለም። የአንድ ቀን ሥራ የመሰለው ነገር የመላው ሥራ ሽያጭ ይሆናል።

የቤስ ሒሳብ ሲዘጋ እንዲህ ይነበባል። በገቢ በኩል አርባ አንድ ዓመት ያልተቋረጠ ሥራ፣ ከብዙዎች የተሻለ የቀን ዋጋ፣ በማኅበር የተገኘ ክብር አለ። በወጪ በኩል በየዓመቱ የሚታደስ ቁም ሣጥን አለ። በንብረት በኩል ግን ያ ሁሉ ፊልም ውስጥ ያለው ፊቷ የሌሎች ሀብት ሆኖ ተመዝግቧል። ቢያንስ እርሷ በኖረችበት ዘመን ፊልሙ እንጂ ፊቷ ራሱ አልተሸጠም፤ በማግሥቱ ይዛው ወደ ሌላ ስቱዲዮ ትሄድ ነበር። ዛሬ ወደዚህ ሥራ የሚገባ ሰው ግን ከቀን ዋጋው በፊት የሚያነበው መስመር ሌላ ነው፦ የሚፈርመው ለአንድ ቀን ነው ወይስ ለፊቱ?